ሆን ብዬ ያልቀየርኩት ዓመት

ተበቃይ ሰው እንቅልፍ የለውም ይባላል። ውሸት ነው። ጋትዌችን በወረቀት የወጋሁት ዕለት፣ ጁባ ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ጾም መግደፌን ነግሬ ይህችን ዘልያታለሁ።

ከደቡብ ሱዳን ነጻነት በፊት ባሉት ዓመታት፣ ኮር ዊሊያም በሚባለው የጁባ ሰፈር በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተቀምጬ ሰነድ እተረጉም ነበር። የኪራይ ውል፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ሐበሻው የያዘው የአማርኛ ወረቀት ሁሉ በእኔ እጅ ወደ እንግሊዝኛ ያልፋል። ፈቃድ አልነበረኝም። ማኅተም ግን ነበረኝ፤ ራሴ ነኝ ያስቀረጽኩት። የደቡቡ መንግሥት ገና አዲስ ስለነበር ክብ ነገር ያየ ሁሉ ያምናል።

ጋትዌች ያኔ መጣ። ቤተሰቡ በጦርነቱ ተሰዶ ጋምቤላ ያደገ፣ አዲስ አበባ ሕግ ተምሮ ጠበቃ የሆነ፣ ሰላም ሲወርድ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይጣፍጣል። አንድ ቀን ንያኩሮን ሰፈር፣ ሐበሻው ሁሉ ምሳ በሚበላበት ቤት፣ እኔ የተረጎምኩትን ውል ከአንዱ እጅ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይቺ እንግሊዝኛ ከአዲስ አበባ በእግሯ ነው የመጣችው? ደክሟታል እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አስተናጋጇ ሳትቀር ሳቀች።

«ማሌሽ፣ ጋሼ» አለኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ። አይዞህ፣ ምንም አይደል ማለቱ ነው። «እኔ ኖተሪ ስሆን አንተም ታርፋለህ፣ እሷም ታርፋለች።»

ኖተሪ በመንግሥት ፈቃድ ውልና ቃለ መሐላ የሚያረጋግጥ የሕግ ሰው ነው። አማርኛ የሚያነብ ኖተሪ ከተሾመ እኔን ማን ይፈልገኛል? እንጀራዬን ፈርቼ ነው ብል ታምኑኛላችሁ። ግን እንጀራዬን አልነበረም። ያቺ ሳቅ ናት። በተማሪነቴ ስለ ትዕቢት ክፋት ረጅም ድርሰት የጻፍኩት እኔ፣ በአንድ የምሳ ሰዓት ቀልድ ተቃጠልኩ።

ከወራት በኋላ ራሱ በሬን አንኳኳ። ኖተሪ ለመሆን ያመለከተበት ኮሚቴ ዲግሪውንና የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ጠይቆታል፤ የራሱን ሰነድ ራሱ መተርጎም ደግሞ አይፈቀድለትም። ቀልዱን ረስቶታል። «አደራ፣ ጋሼ» ብሎኝ ወጣ።

ምን አደረግኩ? አንዲት ቃል አላጣመምኩም። የእኛ ዓመት ከሌላው ዓለም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ተርጓሚ ይቀይረዋል። እኔም የተመረቀበትን ዓመት ወደ ፈረንጁ ቀየርኩ፤ ሥራ የጀመረበትን እንዳለ ተውኩት። በዚህም ጋትዌች ከመመረቁ ሰባት ዓመት አስቀድሞ ጠበቃ ሆኖ አረፈው። እሱም አንብቦት ስህተቱን አላየም። የሚያውቀው ዓመት ነዋ! እኛ አገር ያደገ ዓይን እዚያ ላይ አይሰናከልም። ይህንንም አስልቼ ነበር።

ኮሚቴው «ሐሰተኛ ሰነድ» ብሎ ማመልከቻውን ጣለው። ዋናዎቹንም ሰነዶች ለምርመራ ብሎ ያዘበት።

እስከዚህ ያለውን ስህተት ነው ብዬ ላልፈው እችል ነበር፤ ማንኛችንም የምንሳሳተው ነው። የባሰው በሳምንቱ ነው የመጣው። የተረጎምኩለትን ወረቀት ይዞ መጣ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

«ጋሼ፣ ዓመቷ ሳትቀየር አምልጣሃለች። ማንንም ያጋጥማል። የተርጓሚ ስህተት ነው ብለህ ሁለት መስመር ጻፍልኝ፣ ያልቃል።»

«እኔ አልሳሳትም» አልኩት። «የሰጠኸኝን ነው የተረጎምኩት።»

«አጭበርባሪ እየተባልኩ እኮ ነው፣ ጋሼ። በገዛ አገሬ።»

«ማሌሽ» አልኩት።

ሁለት መስመር ነበር። ብዕሩ በእጄ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት፤ ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልገፋኝም። ስከለክለውም ጣፈጠኝ። ኖተሪ መሆኑ ቀረና ጥብቅናውም አብሮ ቀረ፤ ስሙ የጠፋ ሰው ማን ጉዳዩን ይሰጠዋል? ኋላ ሸሪካት ሰፈር፣ አንድ የሲሚንቶ መጋዘን በር ላይ የሚገባ የሚወጣ መኪና ሲመዘግብ አገኘሁት። ቆሞ፣ በሁለት እጁ ሰላም አለኝ። እስከ ዛሬ አላወቀም ይሆን? ወይስ አውቆ ነው የጨበጠኝ?

ዕድሜ ሲገፋ ይጸጽተኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አንዳንድ ቀን ይጸጽተኛል። አንዳንድ ቀን ግን የዚያ ቤት ሳቅ ጆሮዬ ላይ ሲመጣ፣ ዛሬም ቢሆን ዓመቷን አልቀይርለትም ነበር እላለሁ። እንዲህ የሚል ሰው ተናዘዘ ይባላል? አይባልም። ይቅር በሉኝ ብዬም አልዋሻችሁም።

አሁንም እየተረጎምኩ ነው የምኖረው። ሰነዳችሁን ለእኔ አትስጡ።