በሁለት ቀን የደረሰው ሸራ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አሠሪዬ ዳያን ብርጭቆ ወረቀትና አንድ ነጭ የተቀባ ጣውላ ሰጥታኝ፣ "አለስልሺው" ብላኝ ሄደች። ቦታው አሜሪካ ያለችው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ለሠዓሊዎች ሸራና ጣውላ የሚያዘጋጅ ወርክሾፕ። እኔ አዲስ አበባ የሶፋ ልብስ ስሰፋ ነው የኖርኩት። ሸራ ሲሉኝ ስፌት መስሎኝ ነበር። አሜሪካ ድረስ መጥቼ ጣውላ ልፈግፍግ? ብዬ በሆዴ ሰደብኳት።

አራት ጊዜ መለሰችብኝ። "ጨረስኩ" ስላት ትመጣለች፣ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ጫፍ ትዳብሰዋለች፣ "እዚህ ጋ" ትላለች፣ ትሄዳለች። በአምስተኛው ምንም ሳትናገር አንስታ ካለቁት ጋር አቆመችው። ጎሽ የሚባል ነገር የለም። ያን ቀን ስጠላት ዋልኩ። በኋላ ስረዳው ግን በዚያ ቤት ሥራውን የሚያውቅ ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሌሎቻችን ማሊያ ለብሰን የቆምን ነን።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። የዘይት ቀለም በባዶ ጨርቅ ላይ አይቀባም። ዘይቱ ክሩን ይበላዋል። ሸራው መጀመሪያ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ከዚያ ሙጫ ይጠጣል፤ ይደርቃል። በላዩ ቀለሙን የሚይዘው ነጭ ቅብ፣ መነሻው፣ ይቀባል፤ ይደርቃል፤ ይታሻል፤ ይደገማል። ጣውላ ከሆነ ጀርባውም ይቀባል፣ ያለዚያ የዚህ አገር የሐምሌ እርጥበት ያጣምመዋል። አንድ የማይጣስ ሕግ ደግሞ አለ። በውሃ የሚቀጥን መነሻ በዘይት ቀለም ላይ አይቀባም። የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም፤ ቀን ጠብቆ ይላጣል። ዳያን ይህን በሳምንት ሦስቴ ትነግረን ነበር፤ እኛም በሳምንት ሦስቴ "እናውቃለን" እንላት ነበር።

ደንበኞቻችንን ብታዩ! አንድ ጡረታ የወጣ ጠበቃ ነበረ፤ ውሻውን ለመሣል ከቤልጂየም የመጣ ሊነን፣ ከተልባ ክር የተሠራ ሸራ፣ ካልሆነ አይነካም። አራት ሸራ ወሰደ፤ አራቱንም መኪናው ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቶ አጣመማቸውና ተመልሶ እኔ ላይ ጮኸ። አንዷ ደግሞ፣ "ስሜቴን የሚቀበል ሸራ እፈልጋለሁ" አለችኝ። "ጥጥና ሊነን አለን" አልኳት። ተቀየመች።

ሁለት ዓመት ፈገፈግሁ። ከዚያ ፒንሳ ተሰጠኝና መወጠር ጀመርኩ። ሙጫ የማፍላት ፈቃድ ያገኘሁት በስድስተኛው ዓመት ነው። ዳያን ዕድሜ ተጭኗት ቤቱን ስትዘጋ ጠረጴዛዎቿን ወስጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ዘረጋኋቸው። ልጄ፣ "ማም፣ ኦንላይን እኮ ሬዲ ሆኖ ይሸጣል" ትለኛለች። ይሸጣል። ጫማም ከካርቶን ተሠርቶ ይሸጣል።

አለቃ መርሻ የመጡት እዚህ ጋራዥ ነው። አለቃ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ደብራችን ቀድሞ የምንጣፍ መጋዘን የነበረ ሕንፃ ገዝቶ፣ ለዋናው ግድግዳ ትልቅ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል እንዲሠሩ ጠይቋቸዋል። ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ደብቀው አልያዙትም፤ ዘርግተው አሳዩኝ።

"አስቴር፣ ይቺ እጅ አንድ ትልቅ ሥዕል ቀርቷታል። ከዚያ በኋላ የለችም" አሉኝ። "ሸራውን አንቺ አዘጋጂልኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሸራ አዘጋጅቼ አላውቅም።"

እውነታቸውን ነው። እሳቸው በተማሩበት ወግ አቡጀዲውን የሚወጥሩት፣ ሙጫውን የሚያፈሉት ደቀ መዛሙርት ናቸው። መምህሩ የሚመጣው ነጩ ከደረቀ በኋላ ነው። በመነሻው ላይ እጁን አያስገባም፤ ያዘጋጀውን ሰው ያምናል፣ ይሥላል። እኔም "እሺ አለቃ" አልኩ። ኩራቴን ግን አልደብቅም፤ ያን ሳምንት መሬት አልረገጥኩም።

ከዚያ ኮሚቴው ጠራኝ። ሰብሳቢው ግርማ የሚባል፣ ቤት የሚያድስ ኮንትራክተር ነው። ሁሉም "ኢንጂነር" ይለዋል። ምን እንደተማረ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም አንቱ እለው ነበር።

"እህታችን፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አለኝ።

"ከነማድረቂያው ስምንት ሳምንት።"

ሳቀ። ሰባቱ የኮሚቴ አባላትም አብረው ሳቁ፤ የሳቁበትን ቢጠየቁ አያውቁትም። "ሥዕሉ አይደለም እኮ፣ ጨርቁን ነው የምልሽ! እኔ ባለ አራት መኝታ ቤት ውስጡንም ውጭውንም በአምስት ቀን ቀብቼ አስረክባለሁ።"

"ቤቱን በየአምስት ዓመቱ ደግመው ይቀቡታል፣ ኢንጂነር። ይህ አይደገምም።"

"በቃ፣ ለበረከት እኔው እሠራዋለሁ" አለ። በረከት ካለ በኋላ ማን ይከራከራል? አጨበጨቡለት። አንዱ ደግሞ በደግነት መንፈስ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንቺ በጸሎት አግዢን" አለኝ። ሰው ሃያ ዓመት የሠራውን ሥራ ተነጥቆ ጸሎት ሲታዘዝ ምን ይላል? ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ግርማ በሁለት ቀን ጨረሰ። ቀለም ቀቢዎች ወለል ላይ የሚያነጥፉትን ሸራ ወጠረ። ሙጫ የለ፣ ምን የለ። ከበርና ከመስኮት ሥራ የተረፈውን የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ለበጠበት፤ ጠንካራ ይሆናል ብሎ ነው። ከዚያ፣ የሠዓሊ እንዲመስል፣ በላዩ ከሱቅ የገዛውን በውሃ የሚቀጥን ነጭ መነሻ ቀባበት። በዓለም ላይ ካሉ ስሕተቶች ሁሉ መርጦ ያን የማይጣሰውን ሕግ አፈረሰ። ሰውዬው ሲሳሳትም ልክ አያውቅም።

ይህን ያወቅኩት ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ አይቼ ነው። አለቃ ኮል አደረጉልኝ። "ነይና እይልኝ፣ ነገ ልጀምር ነው" አሉኝ።

ሄድኩ። ከአዳራሹ ጎን ባለው ክፍል ሸራው ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ ቁመቱ ከሁለት ሰው በላይ። ገና በሩ ላይ የበር ቀለሙ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አለቃ ግን ከጉንፋን በኋላ ማሽተት ካቆሙ ሰንብተዋል። ጠርዙ ላይ፣ ከታጠፈው ወገን፣ ነጩን በጥፍሬ ገፋ አደረግኩት። ተነሣ። ከሥሩ የሚያብረቀርቀው ታየኝ። ያነሣሁትን በአውራ ጣቴ መልሼ ለጠፍኩት።

"እንዴት ነው፣ ልጄ?" አሉኝ።

አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል። ያ የኮሚቴ ሳቅ በጆሮዬ ነበር። "በጸሎት አግዢን" ያለኝ ሰው ድምፅ በጆሮዬ ነበር። ይበላቸው! አልኩ በልቤ። ከዚያ ለአለቃ እንዲህ ብዬ መለስኩላቸው፤ "የኮሚቴው ሥራ ነው። ኮሚቴውን ይጠይቁ።"

ሳቁ። "አኩርፈሻል" አሉኝ። "ይሁን፣ ያልፋል።" ኩርፊያ ብቻ መሰላቸው። ነገሩ ኩርፊያም ነበር፤ ኩርፊያ ብቻ ግን አልነበረም። ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወደ ብሩሻቸው ሄዱ።

አሥራ አንድ ወር ሠሩ። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው። ፊቱን ብቻ፣ የእመቤታችንን ፊት ብቻ፣ ሰባት ሳምንት። በእነዚያ ወራት በአንዱ ቀን ሄጄ ልነግራቸው እችል ነበር። በመጀመሪያው ወር ብናገር ሌላ ሸራ ተዘጋጅቶ ይጀምሩ ነበር። በሦስተኛው ይቆጫቸው ነበር፣ ግን ይደርሱበት ነበር። በስድስተኛው ወር፣ አሁንማ ምን ብዬ? አልኩ። ሰው ምን ይለኛል፣ እስካሁን የት ነበርሽ ይሉኛል አልኩ። በሰንበት ሳገኛቸው ጉልበታቸውን ስሜ አልፋለሁ።

የምረቃው ቀን እልልታው ለጉድ ነበር። ለኢንጂነር ግርማ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ በፍሬም። እኔ ከኋላ ቆሜ በሆዴ እሳለቃለሁ። ሥዕሉ ግን ያምር ነበር። እንደዚያ ያለ ዓይን ሥሎ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

በሁለተኛው ክረምት ኤሲው ተበላሽቶ አዳራሹ ለሁለት ሳምንት በእርጥበት ታፈነ። መላጡ ከሥዕሉ ግርጌ በግራ በኩል ጀመረ። መጀመሪያ መዳፍ የምታህል ተነሣች፤ ከዚያ የእመቤታችን ልብስ በሙሉ እንደ ወተት ግልፋፊ ተሰብስቦ ወረደ። አንዳንዶች ተአምር ነው አሉ! የወደቀውን ቀለም በሶፍት ጠቅልለው ወደ ቤታቸው የወሰዱ አሉ። አንዷ ግንባሯ ላይ አሸችው። ከበር ቀለም ላይ ተላጦ የወደቀ መሆኑን ማን ይንገራት?

ኮሚቴው ያኔ አስታወሰኝ። "እህታችን፣ ባለሙያዋ" ሆንኩ። ስደርስ ግርማ ከሥዕሉ ሥር ቆሞ ይናገራል፤ አለቃ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል።

"እንግዲህ የቀለሙ ጥራት ይመስለኛል" ይላል ግርማ። "አለቃም ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ምናልባት ሲያዋህዱት..."

አንቱታው ጠፋኝ። "ዝም በል! በበር ቀለም ላይ ቀብተህ በእሳቸው ታሳብባለህ?" አልኩት። የወደቀውን ቁራጭ አንስቼ ገልብጬ አሳየሁት። "ይኸው! ጀርባው እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። ምኑን ይያዝ? ይህን የአንደኛ ዓመት ተለማማጅ ያውቀዋል። ገና ያን ጊዜ ጠርዙን በጥፍሬ ስነካው ነበር የተነሣው!"

ግርማ ቁራጩን ተቀብሎ አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔ... ጠንካራ ይሆናል ብዬ ነው" አለ። ይህን ሲል ከልቡ ነበር። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

አለቃ ቀና አሉ። "ያን ጊዜ መቼ ነው፣ አስቴር?"

ቁራጩን ከግርማ እጅ መልሼ ተቀበልኩ።

"ልጀምር ስል የጠራሁሽ ቀን?"

"አዎ፣ አለቃ።"

"እንደሚወድቅ አውቀሽ ነበር?"

"አውቄ ነበር።"

ወደ ግርማ ዞሩ። "አንተ ሂድ፣ ልጄ" አሉት። "አንተ አላወቅህም።"

ከዘራቸውን ፈልገው ተነሡ። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ አልፈውኝ፣ መሄድ የጀመረውን ግርማን ተደግፈው ወጡ።

ሥዕሉን አወረድነው። ከፊቱ የተረፈውን በወረቀት ሸፍኜ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ላጣብቀው ሞከርኩ፤ ከሁለቱ ዓይኖች አንዱ ብቻ ተረፈ። አለቃ ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልያዙም። ቤታቸው ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ያስገቡኛል፣ ሻይ ያስቀርቡልኛል፣ ስለ ልጄ ይጠይቁኛል። ስለ ሥራ አያነሡም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። ሸራው መጥፎ ከሆነ ቀለም ከመነካቱ በፊት ተናገሩ፤ የሚሥልበትን ሰው ፊት ለፊት አይታችሁ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ማወቃችሁ ለማንም አይጠቅምም።