ብቸኛ ገዢ

የዝንጅብል አምራቾች ማኅበራችን ከውጭ አገር ገዢ ጋር ሊፈራረም ሲል ውሉ የመጣው በእንግሊዝኛ ነበር። ወደ አማርኛ እንድመልሰው ለእኔ ተሰጠኝ። ትርጉም ተምሬ አይደለም፤ ግጥም ስለምጽፍ «ቃል ያውቃል» ተብዬ ነው። ከሌላ ክልል መጥቶ ሶዶ የሚሠራው የማኅበሩ ጠበቃ ሁለቱን አመሳክሮ በየገጹ ፈረመበት። «ጥሩ እጅ አለህ» ሲለኝ ሦስት ቀን ተኮፈስኩ።

በአራተኛው ቀን በከተማችን በቦምቤ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ አባላቱ ፊት ቆሜ አማርኛውን አነበብኩ። ሊቀመንበሩ እየተከተሉ በወላይትኛ ያስረዳሉ። «ድርጅቱ የማኅበሩ ብቸኛ ገዢ ይሆናል» አልኩ። በሳቸው አፍ ገዢው ማንም የሌለው፣ ብቻውን የቀረ ሰው ሆነ።

«ሚስት እንፈልግለታ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ከጎረቤት ከሻንቶ ነው እንግዲህ፤ የቦምቤ ሴት እሺ አትለውም!»

አዳራሹ ሳቀ። ጠበቃውም ወላይትኛ ሳይሰማ አብሮ ፈገግ አለ። እንግሊዝኛውንም ወላይትኛውንም የምሰማው እኔ ነበርኩ፤ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ገባኝ። ረቂቁ ላይ መጀመሪያ «ከእሱ በቀር ለማንም አይሸጥም» ብዬ ጽፌ ነበር። ረዘመብኝ፣ አላማረኝም፣ ቆረጥኩት።

ቀጣዩን አንቀጽ ማንበብ ጀመርኩ። የገዢው ወኪል ሰዓቱን ያያል። ዝንጅብሉ ከመሬት ወጥቷል፣ ብዙ አይቆይም። ለአሻራ የሚሆነው ቀለም ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከፊት የተቀመጠችው እናቴ፣ እሷም አባል ናት፣ ገና እየሳቀች ነው።

«ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» አልኩ፤ በአማርኛ፣ ከዚያ በወላይትኛ። «ብቸኛ ያልኩት፣ ለሌላ ሰው መሸጥ አትችሉም ማለት ነው።»

«ገበያ ወስጄም?» አለች እናቴ።

«ገበያም።»

«ታዲያ ጨውና ሳሙናዬን እሱ ሊያመጣልኝ ነው?»

አሁን የሳቀ የለም። ሊቀመንበሩ ዞረው «አንተ ልጅ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አሉኝ።

ጠበቃው እንግሊዝኛውን ደግሞ አነበበ። ፊቱ ቀላ። «በአካባቢው ገበያ የሚሸጠውን አይመለከትም ተብሎ ካልተጨመረ አይፈርሙም» አለው ወኪሉን። ወኪሉ አለቆቹን ሊጠይቅ ስልኩን ይዞ ወጣ።

በመስኮቱ ግቢውን ሲዞር፣ እጁን ሲያወናጭፍ እናያለን፤ ድምፁ አይሰማም። እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ባይመለስስ?»

«እንጃ።»

ውሉን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለስኩና ሌላ ምን እንዳሳመርኩ መፈለግ ጀመርኩ።