ከሰማያዊው ጨው የወጣው ውሃ

ልጅ እያለሁ፣ ካራ አካባቢ ከተራራው ሥር ስንማር፣ ኬሚስትሪን የምናውቀው በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነበር። አንድ ቀን የቴሌቪዥኑ አስተማሪ ሰማያዊ ጠጠር የመሰለ ጨው አሳየንና "በውስጡ ውሃ አለ" አለን። ውሃውን ሊያወጣልን ሲል መብራት ጠፋ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሂሩት ግን ነገሩን አልተወችውም። "ደረቅ ነገር እንዴት ውሃ ይይዛል? ካላየሁ አላምንም" አለች። ቤተ ሙከራችን እኛ ከመምጣታችን በፊት የተቆለፈ ነበር። ዳይሬክተሩ ጋሽ መኮንን ደግሞ የተሰባበሩ ዴስኮች ሊያከማቹበት ወስነው ነበር። ሂሩት እኔን አስከትላ ቢሯቸው ተመላለሰች።

"ጋሼ፣ አንድ ቀን ብቻ ይስጡን። ካልሆነልን ዴስኮቹን ተሸክመን የምናስገባው እኛው ነን።"

ዓርብን ፈቀዱልን።

ጋሽ መኮንንና የክፍላችን ልጆች ሊያዩ መጡ። በሩ ሲከፈት አቧራና የቆየ አሲድ ሸተተን፤ መስኮቱን ስንከፍት ከተራራው የባሕር ዛፍ ሽታ ገባ። መምህራችን ቲቸር አልማዝ ሰማያዊውን ጨውና ሁለት የመስታወት ቱቦዎች ከቁም ሳጥኑ አገኘች። ቡታጋዝ ለኮስን። እኔ ቱቦውን በልብስ መቆንጠጫ ይዤ እሳቱ ላይ አቆምኩት። ከጨዉ የወጣው ጠብታ ተመልሶ ወደ ጋለው የቱቦው ግርጌ ወረደና ቱቦው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ስብርባሪውን ሳነሳ ጣቴን አቃጠለኝ። ጋሽ መኮንን ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

"አንድ ቀርቶናል" አለች ሂሩት፣ ሳቁን እንዳልሰማች።

"አሁን አፉን ትንሽ ወደ ታች አዘንብዪው" አለችኝ ቲቸር አልማዝ።

የተቃጠለ ጣቴን አጥፌ ሁለተኛውን ቱቦ ያዝኩ። ሰማያዊው ቀለም ቀስ በቀስ ለቀቀና ጨዉ እንደ ዱቄት ነጣ። ከቱቦው አፍ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ሂሩት በሲኒ ተቀበለችው።

"እርጥብ ስለነበረ ይሆናል" አሉ ጋሽ መኮንን።

ቲቸር አልማዝ ካልሞቀው ጨው ወረቀት ላይ ዘርግታ መልሳ አራገፈችውና "ወረቀቱን ይዩት፣ ጠብታ አልነካውም። ውሃው የታሰረው እያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ ነው" አለቻቸው። ቱቦው ሲቀዘቅዝ ሂሩት የሲኒውን ውሃ በነጩ ዱቄት ላይ ጠብ አደረገች። ውሃው የነካው ሁሉ ተመልሶ ሰማያዊ ሆነ።

አሁን የሳቀ አልነበረም። ጋሽ መኮንን ጎንበስ ብለው ብዙ ካዩ በኋላ "ለዴስኮቹ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን" አሉ።

በቀደም ልጄ ይህንኑ ሙከራ በስልኳ አሳየችኝ፤ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ሙከራው አለቀ። መብራት አልጠፋባትም፣ በር አልተቆለፈባትም፤ ደስ አለኝ። የእኛን ስነግራት "ጣትሽን በጣም አመመሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ያ ሕመም እንኳ እንደሚናፍቀኝ ግን እንዴት ብዬ ላስረዳት?