ቀዩ ለብቻ፣ ቢጫው ለብቻ

ተማሪዎቼ ዛሬ የባሕር እንስሳትን እንደ ቡና ለቀሙልኝ።

ድንጋይ ላይ ተጣብቀው በኅብረት የሚኖሩ፣ ሲነኳቸው ውሃ የሚረጩ ጥቃቅን እንስሳት አሉ። ዲላ ላይ ባሕር ከየት ይመጣል? ፎቷቸውን አከፋፍዬ "በየዝርያቸው ለዩ" አልኩ።

የቡና አገር ልጆች አይደሉ? ቀዩን ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ ከመሩት።

"ቀለሙን ተዉት! አንዱ ዝርያ ብዙ ቀለም አለው። አደራደራቸውን እዩ፤ አንደኛው እንደ አበባ ክብ ይሠራል፣ ሌላው በረድፍ ይሰለፋል" ብዬ አስረዳሁ። በራሴም ኮራሁ።

ልንጨርስ ስንል "ምሕረት ዛሬ ለምን ቀረች?" ብዬ ጠየቅሁ። ሁልጊዜ ቀይ ሹራብ የምትለብሰዋ ልጅ ናት።

ለካ ቢጫ ሹራብ ለብሳ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

"ቲቸር፣ ቀለሙን ተዉት አላሉንም እንዴ?"

እናንተስ፣ ያስተማራችሁትን እዚያው የረሳችሁበት ቀን የለም? ብቻዬን አታስቀሩኝ።