የጉድጓዱ ፓምፕ ገመድ

አሶሳ ውስጥ ከሥራ ቦታዬ ሲወስዱኝ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቱታዬን እንደለበስኩ ነበር። ምክንያቱ አንድ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር ነው። ያስገቡኝ የእስር ቤት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሙቀቱ ገና ከበሩ ይቀበልሃል። በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ የበርታ ሽማግሌ ምንጣፋቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ግባ ልጄ፣ እዚህ ነፋስ አለ" አሉኝ ኮልተፍ ባለ አማርኛ።

ከዚያ ወዲህ የምተኛው ከሳቸው ጎን ሆነ። በጋው ሲከር የግቢው የጉድጓድ ፓምፕ ቆመ። በጀሪካን የሚመጣው ውሃ ለመጠጥ እንኳ አይበቃም። ሽማግሌው ለሶላት የሚታጠቡበት ውሃ ሲያጡ በምትኩ መዳፋቸውን አቧራማው ግድግዳ ላይ አሳርፈው ፊታቸውን ያብሱ ጀመር።

አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ ኃላፊ አስጠራኝ። የፓምፑ ገመድ መጋጠሚያው ላይ ተቃጥሏል። ቀድሞ የሠራው ሰው ሽቦዎቹን እርስ በርስ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎ ነበር የተወው።

"አንተም ጠምዝዝና አስነሳው" አለኝ፣ ፒንሳ እየሰጠኝ።

"መልሶ ይቃጠላል። በገመዱ ልክ የሆነ የመዳብ ማያያዣ ቱቦና መጭመቂያ ፒንሳ ከከተማ ይምጣልኝ።"

"እስረኛ መሆንህን ረሳኸው?"

"አልረሳሁም። ውሃውን የምንጠጣው እኮ እኛው ነን።"

ፒንሳውን መልሶ ተቀበለኝ። ከሰዓት በኋላ ዕቃው መጣ።

የሽቦዎቹን ጫፍ እስኪያብረቀርቅ ጠረግሁ። ከግራና ከቀኝ ቱቦው ውስጥ አስገብቼ፣ ፒንሳው በቃ ብሎ ራሱ እስኪለቅ ጨመቅኋቸው። በሁለት እጄ ብጎትት ንቅንቅ አላሉም። ሸፍኜ ስጨርስ ማብሪያው ተጫነ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ቀይ ውሃ፣ ከዚያ ንጹህ። ከሴት እስረኞቹ ክፍል እልልታ ተሰማ።

ሽማግሌው የፕላስቲክ ማስታጠቢያ ሞልተው ወደ እኔ መጡ። ልቀበላቸው ስል ወደ ኋላ ሳቡት።

"አንተ እጅ አምጣ።"

"ኧረ አባባ፣ ነውር ነው። እኔ ላስታጥብዎት።"

"የለም። ዛሬ አንተ እንግዳ ነው።"

ግራሶ የያዘ እጄን፣ እስረኛው ሁሉ እያየ፣ ቀስ ብለው አስታጠቡኝ። ከዚያ በኋላ ነው እሳቸው ለሶላት ታጥበው ውዱእ ያደረጉት።

ከተፈታሁ ቆይቷል። ዛሬም አሶሳ ነኝ፤ እንጀራዬም ያው የገመድ ሥራ ነው። ሽማግሌውን ሸርቆሌ መንገድ ላይ ካለው መንደራቸው ሄጄ ጠይቄአቸው ነበር፤ አሁን በሕይወት የሉም። እስር ቤት ሳለሁ ከመውጣት ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረም። ይኸው አሁን ደግሞ ከሥራ ስመለስ አንዳንዴ ያ ግቢ ይናፍቀኛል። ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ከየት ብዬ እጀምርላታለሁ?