ማንም ያልቀመሰው አይብ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አይብ አላሳዩኝም፤ ያሳዩኝ ቅል ነው። አሶሳ ገበያ ጀርባ ባለው የሐጃ ሀዋ ወተት ቤት ደጃፍ ላይ የመናጫ ቅሎች ተደርድረው ነበር። ሐጃ አንዱን አንስተው አፍንጫዬ ሥር ደቀኑትና፣ «ምን ይሸታል?» አሉኝ።

«ጭስ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ታዲያ ንጹሕ ነው። ሌላ ነገር ከሸተተ ግን እንደገና ታጥባለህ፣ እንደገና ታጥናለህ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ሐጃ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩ ክርስቲያኖች የተወለድኩ፣ ምላሴ የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። «ሐጃ፣ እኔ ብርቄ ነኝ፤ ሴት ነኝ» አልኳቸው። «አይቻለሁ። ወንድ ቢሆን ከበር አያልፍም» አሉኝ። ያኔውኑ ወደድኳቸው።

በወተት ቤቱ ማዕረግ ነበረ። መጀመሪያ ዕቃ አጣቢ፣ ከዚያ ናጭ፣ ከዚያ እሳት ዳር የምትቀመጠው አይብ አውጪ። ናጭ ሳለሁ ማታ ማታ ክንዴ እየዛለ ጉርሻ ማንሳት ያቅተኝ ነበር። አይብ አውጪ ስሆን ደግሞ አንገቴ ቀና አለ፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ቀና አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅቤው የወጣለት አሬራ ድስት ውስጥ ይገባል፣ እሳቱ ለስለስ ይላል። አይማሰልም። ነጩ ተለይቶ አጓቱ ሲጠራ ይወርዳል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በጨርቅ ይጠለላል። እሳት የበዛበት አይብ ጎማ ይሆናል፤ የቸኮሉበት ጨርቁን አልፎ ይፈሳል። ደህና የወጣ አይብ ጨው የለው፣ ቅመም የለው፤ ምላስ ላይ ይፈረፈርና መጨረሻው ላይ ትንሽ ቆምጠጥ፣ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል። ብቻውን ሲበሉት «ይኸው ነው?» ያሰኛል። ሚጥሚጣ አፋችሁን ካነደደው በኋላ ግን ዋጋው ይገባችኋል።

ደንበኛው ሁሉ የየራሱ አይብ ነበረው። ከሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ በሚኒባስ የሚመጡ ሱዳናውያን ጅብና ይጠይቁናል። ካልተናጠ ወተት የሚረጋ፣ ጨው የጠገበ፣ ሲነክሱት ጥርስ ላይ የሚንጫጫ አይብ ነው፤ ከፉልና ከዳቦ ጋር ይበሉታል። የጎጃም ሰዎች በቅመም ታሽቶ ወራት የቆየውን ይናፍቃሉ። የዚያ አይብ ሽታ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል፤ የለመደው ሰው ግን በእንጀራ ጫፍ እያስነካ ሳህኑን ይጠርጋል። ጅብናን መጀመሪያ ስቀምስ፣ «ይሄ ጨው ነው እንጂ አይብ ነው?» ብዬ አሾፍኩ። ሐጃ፣ «አንተ ያላደግህበትን ምግብ ሁሉ ትሰድባለህ። ሦስት ጊዜ ብላ፣ ከዚያ ስደብ» አሉኝ። በሦስተኛው መሳደብ ተውኩ።

የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ ያልተቀመሰ አይብ አይወጣም። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም ጭምር፣ እኔ ስጾም ሐጃ ይቀምሱልኛል። በረመዳን እኔ እቀምስላቸዋለሁ። ይህን የሚያውቁ ደንበኞች «የሁለት ሃይማኖት አይብ» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። እኔ ቀልዱን እወደው ነበር።

አንድ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ፤ በቤቱ የማይጾም ቀማሽ ጠፋ።

ምግብ ሠሪ ምላሷን አስነክታ ብትተፋ ይፈቀድላታል የሚሉ ሙስሊሞች አሉ፤ ሐጃ ግን በጄ አይሉም። ስለዚህ በዓይንና በአፍንጫ መሥራት ጀመርን። አሬራው ትኩስ ስለሆነ ለዕለት ገበያ አላስቸገረንም። በመሐል ግን የሐጃ የመጨረሻ ልጅ የዘይነብ እጮኛ ቤት ሴቶች ለኢፍጣር ሊመጡ ሆነ። በልጅቷ ቤት ማዕድ ሲቀርቡ የመጀመሪያቸው ነው። የሐጃን አይብ ዝና ሰምተዋል። «ሌላው ይጉደል፤ አይቡ እንዳያሳፍረኝ» አሉኝ ሐጃ።

ወቅቱ በጋ ነው፣ ላሞቹ ወተት ቀንሰዋል። አሬራው ተጠራቅሞ እንዲበቃን ብዬ ከወትሮው በላይ አቆየሁት። በአሶሳ ሙቀት የቆየ አሬራ ሊመርር ይችላል፤ ምሬትን ደግሞ ዓይን አያየውም። አይቡ ነጭ፣ ፍርፍር ያለ፣ ያማረ ሆኖ ወጣ። ከጨርቁ ወደ ሳህን ስገለብጠው ጣቴ ላይ ትንሽ ቀረ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ አፌ ሄደ።

መረረኝ።

ከምሬቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ መግደፌ ነው። በሁዳዴ ገድፌ አላውቅም። ይህን ሳስብ የሐጃን ድምፅ ከበሩ በኩል ሰማሁ። «እንዴት ነው?» አሉኝ። መረረ ብላቸው በምን አወቅህ ሊሉኝ ነው።

«ደህና ነው፣ ሐጃ» አልኩ።

ፈገግ አሉ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሄዱ። የፈገግታው ነገር ያኔ አልገባኝም።

አዛን ሲል ቴምርና ውኃ ቀረበ፣ ገንፎው ከባሚያ ወጥ ጋር ቀረበ፣ አይቡ መሐል ላይ ተቀመጠ። የእጮኛዋ እናት ቆንጠር አድርገው ጎረሱ። ማኘካቸውን አቆሙ። ከዚያ ዋጡትና «ማሻአላህ» ብለው ወደ ውኃው እጃቸውን ሰደዱ። ሌሎቹም አንዳንድ ጊዜ ጎረሱ፣ ሁሉም «ማሻአላህ» አሉ፣ ሁለተኛ የነካው ግን የለም። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ሐጃ መጨረሻ ላይ ቀመሱ። ሳህኑን አላዩም፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ ለእንግዶቹ በበርታኛ አንድ ነገር ተናገሩና እንግዶቹ ሳቁ። ዘይነብን ምን አሉ አልኳት። «‹እኔም አረጀሁ፣ እጄም አረጀ› አለቻቸው» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ማድ ቤት ገብቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ጣት ስትልስ አይቻለሁ» አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳን ከፍ አላደረጉም። «አንተ እንዳታፍር ዞር አልኩ። ቆይቼ ጠየቅሁ፣ ደህና ነው አልክ። ቀምሶ ነው የሚናገረው ብዬ ደስ አለኝ።»

ክንዴን ለቀቁ።

«ወላሂ፣ ገደፍክ ብዬ እኔ ለማን እናገር ነበር?» አሉኝ።

ለነፍስ አባቴ በዚያው ሳምንት ተናዘዝኩ። ስግደት አዘዙኝ፣ ሰግጄ ጨረስኩ። የሐጃው ግን በስግደት የሚያልቅ አልሆነም። ሰርጉ ከኢድ በኋላ ተደረገ። የሰርጉን አይብ የወንዱ ቤት ሰዎች ሠርተው ይዘው መጡ፤ «ሐጃ እንዳይደክሙ ብለን ነው» አሉ። ሐጃ አመስግነው ተቀበሉ፣ ለእንግዳ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ጥሩ አይብ ነበር።

ሐጃ አላባረሩኝም፤ ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር። ዛሬ እሳቸው አርጅተው ቤት ውለዋል፣ እኔም የራሴን ወተት ቤት ከፍቻለሁ። በየሳምንቱ አይብ እልክላቸዋለሁ። ቀምሰው «ደህና ነው» እስኪሉኝ ድረስ ልቤ አይረጋም። ሲሉኝ ደግሞ ፊቴ ይቃጠላል፤ ያንን ቃል እኔ እንዴት እንዳልኩት ሁለታችንም እናውቃለን።

ሁለቱ ጾሞች ሲገጥሙ፣ ስኳር ስላለበት የማይጾም ጎረቤቴ ይቀምስልኛል። አይብ ለምታወጡ ሁሉ የምለው ይኸው ነው። ያልቀመሳችሁትን አልቀመስኩም በሉ። የቀመሳችሁትን ደግሞ፣ እንዴትም ብትቀምሱት፣ ጣዕሙን ተናገሩ።