ለሂዩስተን ያልታሰበው ሞተር

ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን ለዴል «እኔ ሞተር ዐይኔን ጨፍኜ እፈታለሁ» አልኩት። ዴል የጋራዡ ባለቤት ነው፤ ከሚስቀው የሚያስለው የሚበዛ ሽማግሌ ፈረንጅ። ከላይ እስከ ታች አየኝና «መፍታቱን ማንም ይፈታል፤ አንተ ዐይንህን ገልጠህ ግጠም» ብሎ መጥረጊያ ሰጠኝ። እስከ ምሳ ጠረግኩ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ጥርግ ያለ ጋራዥ ኦሮራ ውስጥ አልነበረም።

ጊዜው በፈረንጅ 2003 ነው። ዴንቨር ካፒቶል ሂል ሰፈር ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ እኖር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በኮልፋክስ ጎዳና አውቶብስ አጠገቧ ያለችው ከተማ ኦሮራ እወርዳለሁ። ከዚያ በፊት ታክሲ ነድቻለሁ። ታክሲዬን ከእኔ በቀር መካኒክ ነክቷት አያውቅም። የመካኒክ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የተማርኩት ከላይብረሪ በተዋስኩት ማኑዋልና ጎረቤቶቼ በጣሏቸው መኪናዎች ነው። ያበላሸኋቸውን አልቆጥርም፣ ድሮም የተበላሹ ነበሩ።

ዴል ጋር ማዕረግ ነበረ። አንደኛ ዓመት ዕቃ ታጥባለህ። ሁለተኛ ዓመት ትፈታለህ፣ በማይክሮሜትር ትለካለህ። ሦስተኛ ዓመት እሱ ቆሞ እያየህ ትገጥማለህ። ሞተር ማቀድ ግን የራሱ ብቻ ነው። አሥር ጥያቄ ያለበት ቢጫ ፎርም አለው። ደንበኛውን ፊቱ አስቀምጦ ከአንድ እስከ አሥር ይጠይቃል፣ ይጽፋል። አሥሩ ሳይሞላ ቡሎን አይነካም። አንደኛው ጥያቄ «መኪናው የሚነዳው የት ነው?» ይላል። እኔ ይቺ ጥያቄ ታስቀኝ ነበር። መኪና የሚነዳው መንገድ ላይ ነዋ።

በሦስተኛው ዓመት ጋሼ መኩሪያ መጡ። የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ፣ ሻትል የሚነዱ፣ ስድሳን ያለፉ፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው አሮጌው ሰፈር ነው የሚኖሩት። የመጡት መንዳት ካቃተው ጎረቤታቸው በገዟት የ1971 ኖቫ መኪና ነው፤ ሁለት በር፣ አረንጓዴ፣ ከድምጿ ጭሷ የሚቀድም።

«ጉልበት ጨምርልኝ» አሉኝ።

«ምን ያህል፣ ጋሼ?»

«ስትነሳ ሰው ዞር ብሎ የሚያያት ያህል።»

ዴል እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። «ያንተ ሰው ነው፣ ይሄን ሞተር አንተ አቅደው» አለኝ። «ፎርሙን ሙላ። ሞተሩ ከተበላሸ ወደ መጥረጊያህ ትመለሳለህ።»

አባቴ የሚሆኑ ሰው ፊት ፎርም ዘርግቼ እንደ ኢሚግሬሽን ልመረምራቸው አልቻልኩም። ስለዚህ እኔ ማወቅ የፈለግኩትን ብቻ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ለምንድነው የፈለጓት?»

«ለጉዳይ ነው።»

«ለምን ጉዳይ?»

«የሰው ጉዳይ አይጠየቅም።»

ይቅርታ ጠየቅኩ። ፎርሙን በምሳ ሰዓት ራሴ ሞላሁት። አንደኛው ላይ «ዴንቨርና ኦሮራ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያምራል።

ያቀድኩት ስትሮከር ነው። ለማያውቅ ሰው፦ የድሮውን ክራንክ ሻፍት፣ ማለት ፒስተኖቹ የተያያዙበትን ዘንግ፣ አውጥተህ ፒስተኑን ከፍ ዝቅ አድርጎ አርቆ የሚያስኬድ ክራንክ ታስገባለህ። ብሎኩ ያው ብሎክ ነው፤ ሞተሩ ግን የበለጠ ይጎርሳል። ሦስት መቶ ሃምሳ ኪዩቢክ ኢንች የነበረው፣ ሲሊንደሩ ትንሽ ተሞርዶ ሲሰፋ፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ሦስት ይሆናል። አዲሱ ክራንክ ሲዞር የብሎኩን ጠርዝ ስለሚነካ በግራይንደር እየላጥኩ፣ በእጄ እያዞርኩ፣ እንደገና እየላጥኩ ሁለት ቀን ፈጀሁ። ቫልቭና ፒስተን እንዳይጋጩ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ፒስተኑ ላይ ለጠፍኩ፤ ሞተሩን አዙሬ ጭቃውን በቢላ ቆርጬ ውፍረቱን ለካሁ። ዴል ከኋላዬ ቆሞ ምንም አላለም። ከዴል አፍ ይሄ ጭብጨባ ነው።

የቀረው ኮምፕሬሽኑ ነው፤ ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጨምቅ ማለት ነው። ዴንቨር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ እዚህ ጠበቅ ብታደርገው ይችለዋል። መጀመሪያ የነበሩት ሁለት ቴስታታዎች፣ ማለት ሞተሩን ከላይ የሚከድኑት ብረቶች፣ ሰፊ ጉድጓድ ያላቸው ሰነፎች ናቸው። ጉድጓዳቸው ጠበብ ያለ አዘዝኩና ኮምፕሬሽኑን ወደ አሥራ አንድ ለአንድ አወጣሁት። የድሮዎቹን «ይጣሏቸው» ብዬ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ሻትላቸው ላይ ጭነው ሄዱ።

ሞተሩ የተነሳ ቀን ዴል ማሳል አቆመ። ኖቫዋ ቀይ መብራት ላይ ስትቆም ኮፋኖዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አረንጓዴ ሲበራ አጠገቧ የነበረው መኪና በኋላ ማሳያ መስታወት ነው የሚታየው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ፓርክ ሲያደርጉ ወንዱ ሁሉ ይከባታል። እሳቸው ዝም ይላሉ፣ እኔ አስረዳለሁ። ከቶርንተን ከተማ ድረስ ሞተሬን ሊያይ የመጣ ሰው አለ። የበረዶውን ክረምት እንዲህ አለፍን።

በሚቀጥለው ሰኔ ጋሼ መኩሪያ ጋራዥ መጥተው በወርቃማ ፊደል የተጻፈ ካርድ ሰጡኝ። ልጃቸው ቤቲ ልታገባ ነው። ሰርጉ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ሂዩስተን።

«እንኳን ደስ ያለዎት። በአውሮፕላን ነው?»

«በኖቫዋ ነው እንጂ። ሙሽራዋም የምትወጣው በእሷ ነው። ከተገዛች ጀምሮ ለዚህ ናት።»

ካርዱ እጄ ላይ ከበደኝ። ሂዩስተን ባሕር አጠገብ፣ ዝቅታ ላይ ናት። አየሩ ወፍራም፣ ሐምሌው እሳት። ያቺ ሞተር እዚያ ስትወርድ ቤንዚኑ ከሰዓቱ በፊት እየተቀጣጠለ ታንኳኳለች፤ ካልቆመች ፒስተን ትበሳለች። ያውም ሙሽራ ጭና፣ ሃምሳ መኪና ከኋላ አስከትላ።

ምንም ሳልነግራቸው ማንኳኳቱን የሚያስታግስ አንድ ጠርሙስ የቤንዚን መድኃኒት ልሰጣቸው አሰብኩ። ከዚያ ለዴል ነገርኩት። ቢጫውን ፎርም ከመሳቢያ አወጣው።

«አንደኛውን ማን መለሰው?»

«እኔ።»

«የሚጠየቀው ማን ነበር?»

«እሳቸው።»

ረጅም ሳል ሳለ። «ሂድና ንገራቸው። መጥረጊያው የት እንዳለ ታውቃለህ።»

ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው።

«ታዲያ አትጠይቀኝም ነበር?»

«ጠይቄዎት ነበር። የሰው ጉዳይ አይጠየቅም አሉኝ።»

«ለምን ብለህ ጠየቅከኝ እንጂ የት ብለህ መቼ ጠየቅከኝ? ሽማግሌ ሳይመጣ የልጄን ሰርግ ለጋራዥ ላውራ?»

«የት ብዬ ብጠይቅዎትስ?»

«ቴክሳስም እወስዳታለሁ እልሃለሁ። ቴክሳስ ሰርግ አይደለም።»

ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዞር ነበር፤ ጉድጓዱ ሰፋ ያለ ቴስታታ ከተገጠመ ኮምፕሬሽኑ ይወርዳል። አዲስ ታዝዞ፣ መጥቶ፣ ተሠርቶ በሦስት ሳምንት አይደርስም።

«ጋሼ፣ እነዚያን የድሮዎቹን ቴስታታዎች የት ጣሏቸው?»

«ብረት ይጣላል እንዴ?» ብለው በረንዳውን ከፈቱ። አንዱ ላይ የበሶብላ ማሰሮ ተቀምጧል። ሌላው ደግሞ የብስክሌት ሸራ ንፋስ እንዳይወስደው ተጭኖበታል። ሰነፍ ብዬ የሰደብኳቸው ሁለቱ።

ከሁለተኛ ፎቅ ተሸክሜ አወረድኳቸው። አንዱ ብቻ ሰላሳ ኪሎ ይሆናል፤ ወገቤ ዛሬም ያስታውሰዋል። ጋሼ ማሰሮውን ይዘው ከኋላዬ ወረዱ፣ «ብረቱ ላይ ያለውን አፈር ደረጃው ላይ አታፍስ» እያሉ። ዝገቱን አጸዳሁ፣ ቫልቮቹን ሞረድኩ፣ ስፕሪንጎቹን ከአዲሶቹ ነቅዬ አስገባሁ፣ ጭቃውን ለጥፌ እንደገና ለካሁ። ኮምፕሬሽኑ ወደ ዘጠኝ ተኩል ወረደ። ዴል ፎርሙን ቀዶ ባዶ ሰጠኝ። አሥሩንም ጥያቄ ጋሼን ጠየቅኳቸው፣ አሥሩንም መለሱ።

«አንተም ትሄዳለህ» አሉኝ ሲጨርሱ። «ካንኳኳች ትገፋታለህ።»

ወደ ደቡብ ወርደን የራተንን ተራራ ዳገት ስንወጣ ጉልበቷ መቀነሱን እኔም አወቅኩ፣ እሳቸውም አወቁ። ቴክሳስ ገብተን ከአማሪሎ ከተማ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ሬዲዮውን አስዘጋሁ። በሄድን ቁጥር አየሩ እየወፈረ፣ ሙቀቱ እየጨመረ፣ እኔ አንገቴን ወደ ኮፋኖው አስግጌ ሳዳምጥ ሁለት ቀን ሄድን። ሂዩስተን እንደገባን ሆቴሉ ፓርኪንግ ላይ የካርቡሬተሩን የቤንዚን ቀዳዳዎች ለወፍራም አየር በሚሆኑ ቀየርኩ።

የሰርጉ ቀን መሪውን ለእኔ ሰጡኝ። እሳቸው ከጎኔ፣ ሙሽሮቹ ከኋላ፣ ቬሉ እስከ ጣራው። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል፤ ሚዜዎቹ በመስኮት ወጥተው ይጨፍራሉ። በዚያ ጫጫታ ሞተር ማዳመጥ አይቻልም። ፍሪዌይ መግቢያው ላይ ሰልፉን ጥዬ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። ኖቫዋ ተነሳች። ጥሩምባው ወደ ኋላ ራቀ፣ ማርሚታው ብቻ ቀረ፤ ወፍራም፣ አንድ ዓይነት ድምፅ።

ከኋላ ቤቲ «ኦ ማይ ጋድ፣ ስሎው ዳውን ፕሊስ፣ ጸጉሬ!» አለች።

ጋሼ መኩሪያ ዐይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም። «አንኳኳች?»

«አላንኳኳችም።»

«እንግዲያው ቀስ በል። ልጄን ነው የጫንከው።»

ስመለስ ዴል መጥረጊያውን ሳይሆን አንድ ጥራዝ ቢጫ ፎርም ሰጠኝ። ዛሬ የራሴ ጋራዥ አለኝ፤ ከከተማው አንደኛ ነው፣ ሌሎቹን ባልጠይቃቸውም። ደንበኛን ለምን ብዬ አልጠይቅም። የት ብዬ እጠይቃለሁ፤ ራሱ እስኪነግረኝም አልጽፍም።